የካፒታኖው ካሚዮን ስለ ጠጣችው ዘይት

ለክቡር ካፒታኖ ቤርቶኒ፣
የደብረ ማርቆስ የመኪኖችና የመንገዶች ሹም፣ እንዲሁም ማንም ሳይሾምዎ በገዛ ፈቃድዎ ለደከሙበት ለጥርጣሬ ሁሉ የበላይ ጠባቂ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበቱ? እንቅልፍዎስ? ጨጓራዎስ? ሰሞኑን የቁጣዎ ድምፅ ከግቢዎ ተነሥቶ እስከ ገበያው ድረስ ይሰማ ስለ ነበር፣ ስለ ጤናዎ ያላሰበ የከተማ ሰው አልነበረም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከነጠላችን በስተቀር ደኅና ነን። የነጠላችንን ጉዳይ ከታች በቦታው አመጣዋለሁ።

እኔ ወልደ ሩፋኤል እባላለሁ። በገበያው ዋርካ ሥር ተቀምጬ ለተበደለ ሁሉ አቤቱታ የምጽፍ ሰው ነኝና፣ እርስዎ ከመጡ ወዲህ አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ውለታዎ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ራሴ ቤተ ሰብ ነው። የእህቴ ልጅ የሥራነሽ ባል ደምለው፣ ያችን ትልቋን ካሚዮንዎን የሚነዳውና የሚያጥበው፣ የሞተሯን ዘይት ሰርቆ ለጮቄ ሽፍቶች ጠመንጃ መወልወያ ልኳል ተብሎ በመጪው ቅዳሜ በገበያ መካከል እንዲሰቀል ፈርደውበታል። እኔም ዋሱ ነኝ። የሰው አንገት ያለበት ደብዳቤ መንገድ ላይ እንዳይጠፋ ብዬ፣ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ ሌላው በዋርካው ግንድ ላይ እንዲለጠፍ አድርጌአለሁ። አስተርጓሚዎ አቶ አበረ እንደ ልማዱ ቃሌን ማር ቀብቶ እንዳያነብልዎ አደራ እላለሁ፤ የሚበቃውን ማር እኔ ራሴ ቀብቼዋለሁና።

አቤቱታዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛው ስለ ሰንደቅ ዓላማዎ ክብር ነው። እንደሚያስታውሱት፣ ባለፈው ጥቅምት ማንኛውም መኪና ሲያድር አፍንጫውን ወደ ሰንደቅ ዓላማው አዙሮ እንዲቆም አዘዙ። ሰንደቁ የተተከለው ከግቢዎ በላይ ካለው ኮረብታ ጫፍ ስለ ሆነ፣ ካሚዮኒቱ አንገቷን ወደ ላይ ቀና፣ ጀርባዋን ወደ ታች ዝቅ አድርጋ ዳገት ላይ ማደር ጀመረች። እኛ ስንሰግድ ወደ ምሥራቅ ዞረን ነው፤ መኪና ወዴት ዞሮ እንደሚሰግድ ግን አናውቅም ነበርና ስላስተማሩን እናመሰግናለን። በየጧቱም እርስዎ ራስዎ ይመጡና ካሚዮኒቱ ከዚያው ከዳገቱ ሳትነቃነቅ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ይመዛሉ። ዘይት ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ለሰንደቅ ዓላማ አክብሮት የለውም፤ ቁልቁል ይሄዳል። ዘይቱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ተኝቶ ሳለ ዘንጉ ከፊት በኩል ደርቆ ይወጣል። እርስዎም ተሰርቋል ይላሉ፤ ሙላ ብለው ያዝዛሉ፤ ደምለውም ይሞላል። እንዲህ እየተባለ ሲጨመርባት ከርሞ ካሚዮኒቱ ሜዳ ላይ ስትደርስ እስከ ጉሮሮዋ የጠገበች ትሆናለች። ከልክ በላይ የጠገበ ሞተር ትርፉን ወደ ላይ ይረጫል፣ የተረጨውም ይቃጠልና በጢስ መውጫው ይሄዳል። በነጋታው ዘንጉ እንደ ገና ይመዘዛል፣ እንደ ገናም ሌባ ይፈለጋል።

ሁለተኛው ስለዚሁ ጢስ ነው። ሰማያዊ ነበር፤ የነዳጅ ጢስ እንዳልሆነ የከተማው ሰው ሁሉ በአፍንጫው ያውቀዋል። ጥቅም አልነበረውም ማለት ግፍ ይሆንብኛል። ማማ ላይ የሚቆመው ዘበኛዎ ካሚዮኒቱ በአምበር መንገድ ትሁን በደምበጫ መንገድ ከጢሷ ይለይ ነበር፤ እርስዎም በእንግዶችዎ ፊት የእኔ ካሚዮን ከዓይኔ ልትጠፋ አትችልም ብለው ሲኩራሩ በጆሯችን ሰምተናል። እኛ ግን የምንኖረው መንገድ ዳር ነው። ባለቤትዎ ከአገርዎ ቢመጡና ነጭ ልብሳቸውን አጥበው አጥር ላይ ቢያሰጡ ምን እንደሚደርስባቸው ልነግርዎ እችላለሁ፤ ልብሱ ሳይደርቅ ይጠቁራል፤ ከጠቆረ በኋላም አይለቅም። ለፋሲካ ያስቀመጥነውን ነጠላ በሆሳዕና ያበላሸች ካሚዮን የእርስዎ ናት።

ሦስተኛው ስለ ትንፋሿ ነው። የደጋ አየር ቀጭን ነው፣ ሞተሯ ታፍናለች ብለው የአየር ማጣሪያዋን አስወልቀው ጣሉ። እውነት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ልቧ ተነፈሰች፤ የደምበጫን መንገድ አቧራም አብራ ሳበችው። የራስዎ መካኒክ፣ ያ ቀይ ጢም ያለው ወታደር፣ አቧራ ሞተር ይበላል፣ ዳገት ላይም ዘይት አይለካም ብሎ ደፍሮ ቢናገርዎ ወጥ ቤት አስገብተው ድንች አስላጡት። ድንቹ ጥሩ ተልጧል ይባላል።

አራተኛው አቤቱታዬ ያው የታወቀው ነው። ዘይቱ የት እንደ ገባ ሲጠፋዎ ጊዜ ደምለውን አሰሩት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ምስክርዎም የደምለው እናት አገሯ ወደ ሮብ ገበያ ስለ ሆነ፣ ሮብ ገበያም ጮቄ ሥር ስለ ሆነች፣ ጮቄም ሽፍታ ስላለበት የሚል ነበር። በዚህ ሚዛን ቢሄዱ ከጮቄ የሚወርደውን ውሃ የሚጠጣ ሁሉ ሽፍታ ነውና፣ እርስዎም በየቀኑ ከዚያው ውሃ ይጠጣሉ። ሥራነሽ ለባሏ በየቀኑ ስንቅ ስትወስድ ደምለው ከሳ፤ የወህኒው ዘበኞች ግን ወፈሩ። እርሷ አላለቀሰችም። የእኛ ቤት ሴቶች ሲናደዱ አያለቅሱም፤ ይህን ለወደፊቱ ቢያውቁት ይጠቅምዎታል።

አምስተኛው አቤቱታ ሳይሆን ከልብ የመነጨ አድናቆት ነው። የአገሩን ልማድ አውቃለሁ ብለው፣ ሌባው እስኪታወቅ ከተማው ሁሉ በአውጫጭኝ ሜዳ ላይ እንዲውል ያወጁበት ቀን በእውነት ኮራሁብዎ። አውጫጭኝ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ ሌባ ሲጠፋ አገሬው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ይምላል፣ ያየውንና የሰማውን ያወጣል፣ ሌባው ሳይታወቅም ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። እርስዎም ጠረጴዛ ላይ ወጥተው፣ ስሙ የተጠራው ሁሉ፣ የራሴ ቤት ሰው እንኳ ቢሆን፣ ከቅጣት አያመልጥም ብለው ማሉ። አቶ አበረ ይህን ቃል ያለ ማር ነው የተረጎመው። ሁላችንም ሰምተናል።

ሰብሳቢው ባላምባራስ እንዳላማው ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ፍርድ ላይ አይቸኩሉም። መጀመሪያ የደምበጫው ነጋዴ ሼህ አብዱልዋሂድ ተነሡ። ዕድሜ ልካቸውን የኑግ ዘይትና ጋዝ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። «እኔ ዘይት በተጋደመ ዕቃ ብለካ ገበያው በድንጋይ ያባርረኛል፤ ካፒታኖ ግን በተጋደመ ሞተር እየለካ ሰው ያስራል» አሉና ቁጭ አሉ። ቀጥላ አረቄ የምታወጣው ማሬ ተነሣች። እርሷ ሞተር አይታ አታውቅም፤ አረቄ ግን በእንፋሎት የሚወጣ ነገር ነው። «ማሰሮዬና ክዳኑ የሚገጥሙበት ላልቶ እንደሆን አረቄዬ ጢስ ሆኖ ይሄዳል። ማን ሰረቀኝ ብዬ ጎረቤቴን አልከስም፤ የላላበትን አጠብቃለሁ» ስትል ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ከዚያም የታጠበ ነጠላዋን ከብብቷ አውጥታ ለባላምባራስ አሸተተቻቸው። ባላምባራስ አሽትተው አስነጠሱ። ሌላውም ነጠላውን እያመጣ አስነጠሳቸው። የተሰረቀው ዘይት የተገኘው በዚህ ዓይነት ነው፤ በከተማው ሰው ሁሉ ልብስ ላይ።

በሥርዓቱ መሠረት ስሙ ሳይገለጥ ያየውን ለሽማግሌ በስውር የሚያደርስ ሰው ይመረጣል፤ ወፍ እንለዋለን። ወፉም ሄደ፣ ተመለሰም። ባላምባራስ ቆመው፣ ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ያህል ረጋ ብለው፣ የሌባውን ስም ተናገሩ፤ ካሚዮኒቱ ናት። የቤትዎ ሰው ስለ ሆነች አዘንን። በሜዳው መካከል አንድ ሽማግሌ ጾም ላይ ሳለን ይህን ሁሉ ዘይት መጠጣቷ ምን ይባላል ብለው ሲጠይቁ፣ ባላምባራስ ዘይት የጾም ነው፣ በዚህ አትከሰስም ብለው አዳኗት። ይህን ያህል ለእውነት የሚጨነቅ ሸንጎ በአገርዎም አለ ብዬ አምናለሁ።

እርስዎ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ፊትዎ እንደ በርበሬ ቀላ። ሌባዋ ካሚዮኒቱ ከሆነች ከስርቆቷ ፈውሷት፣ ዘይት መጠጣት ካቆመች ደምለው ነጻ ነው አሉ። ይህንንም ሁላችንም ሰምተናል።

ስድስተኛው አቤቱታዬ ስለ ቁራኛ ነው፤ እዚህ ላይ ትከሻዬም አብሮኝ አቤት ይላል። በአገራችን ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰራሉ። ባላምባራስም ካፒታኖ ከሳሽ ስለ ሆኑ ከደምለው ጋር ይቆራኙ አሉ። የአገሩን ልማድ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወድደውት ነበር፤ ወዲያው ሲጠሉት ገረመኝ። በትሕትናዎ ብዛት ቦታዎን ለእኔ ለቀቁልኝና፣ ዋስ ነህ ተብዬ ቀኝ እጄ ከደምለው ግራ እጅ ጋር ታሰረ። እንግዲህ እኔ የብራና ሰው፣ ጉልበቴ ሲታጠፍ የሚጮኽ፣ ከአማቼ ጋር ካሚዮን ሥር በጀርባዬ ተኝቼ የሞተርን ነገር የተማርኩት በእርስዎ ቸርነት ነው። ደምለው ሲገባ እገባለሁ፣ ሲወጣ እወጣለሁ፣ መፍቻ ሲያጠብቅ እጄ አብሮ ይዞራል። ደግነቱ መካኒክዎን ከድንቹ ፈትተው ሰጡን። እርሱ በቋንቋው ይናገራል፣ ደምለው ይገባዋል፣ እኔ እሰደባለሁ።

የሠራነውን ባጭሩ ልንገርዎ፤ ሪፖርትዎ ላይ የእርስዎ ሥራ አድርገው ሊጽፉት ስለሚችሉ። መጀመሪያ ካሚዮኒቱን ከሰንደቅዎ ሥር አስወጥተን ጃን ሜዳ በሚያህል ደልዳላ ሜዳ ላይ አቆምናት። ሞተሯ ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጠበቅንና ዘንጉን መዘዝነው። ለወራት ደረቅ ሲባል የኖረው ዘንግ ከልኩ በላይ ተነክሮ ወጣ። መካኒክዎ ዘንጉን እንደ መስቀል ከፍ አድርጎ ለወህኒው ዘበኞች አሳያቸው። ትርፉን ቀድተን እስከ ምልክቱ ብቻ አስቀረን። ቀጥለን ከሥሯ አመድ ነስንሰን አሳደርናት። አመዱ እንደ ነጣ አደረ፤ ስለዚህ ወደ ታች አትንጠባጠብም ማለት ነው። ከዚያ ዳገት አስወጣናት። ዘይቷ ልክ ሆኖም፣ እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ ከቀድሞው ባነሰ ሁኔታ ነው እንጂ ዛሬም ሰማያዊ ጨሰች። ደምለው ያን ጊዜ ፊቱ ጠቆረ። ዳገቱን ወደ ላይ የሚያየው አንገቱን እየዳበሰ ነበር፣ የእኔም እጅ ሰንሰለቱ እየጎተተው አብሮ ወደ አንገቱ ይሄድ ነበር። ያንን ቀን አልረሳውም።

መካኒክዎ ግን አልተደናገጠም። በሞተሯ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሱ ፒስተን የሚባሉ ብረቶች አሉ፤ ወገባቸውን እንደ መቀነት የሚያስሩት ቀለበቶች ደግሞ ፋሻ ይባላሉ። ፋሻው ከላላ ዘይቱ ከታች ወደ ላይ ሾልኮ ይቃጠላል፤ ማሬ ሳታይ ያለችው ይህንኑ ነው። ለማረጋገጥ ሞተሯን በማዞሪያው ብረት በእጅ ዞር አደረግናት፤ ደምለውና እኔ ማለቴ ነው። ያለ ድካም ዞረች። ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ትንሽ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገን ደግመን ስናዞራት ግን እንደ ክፉ በቅሎ እንቢ አለች። ዘይቱ የላላውን ክፍተት ለጊዜው ደፍኖት ነው እንጂ ሞተሯ አልጎለበተችም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የፋሻው ነው ተባለ። ብትከፈት እውነትም ፋሻዎቹ በአቧራ ተበልተው፣ በተቃጠለ ዘይት ጥላሸት ተጣብቀው ተገኙ። አዲስ ፋሻ ከየት ይምጣ ስንል፣ በእርስዎ ሣጥን ውስጥ ቅባታቸው እንኳ ሳይነካ ተቀምጠው ኖረዋል። መለዋወጫ ለጎብኚ ሹማምንት ማሳያ እንጂ ለመለዋወጥ አይደለም ብለው እንደ ነበር ሰማሁ። ብዙ ከለመንንዎ በኋላ ስለ ሰጡን አመሰግናለሁ። ጥላሸቱን ፍቀን፣ አዲሱን ፋሻ አልብሰን፣ ማጣሪያዋንም ከቆሻሻ መጣያው አንሥተን፣ አጥበን መልሰን ገጠምንላት።

አምበር ደርሳ ተመለሰች። ደልዳላ ሜዳ ላይ አቆምናት፣ ጠበቅን፣ ዘንጉን መዘዝን። ዘይቱ ከነበረበት ምልክት አልወረደም። ከኋላዋም ጢስ አልነበረም። ደምለው ዘንጉን አየና ሳመው። አፉ ጠቆረ። ሥራነሽ አጥር ላይ ሆና ስትስቅ ሰማኋት፤ ከታሰረ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነበር።

ሰባተኛውን አቤቱታ አቶ አበረ ለመተርጎም እንዳይፈራ ብዬ ትቼዋለሁ።

ስምንተኛው ፍርድዎ ነው። በአባቶቻችን ዘመን ብዙ ፍርድ ሰምቻለሁ፤ ለብዙ ፍርድም ይግባኝ ጽፌአለሁ፤ የእርስዎን የመሰለ ግን አልሰማሁም። ዘይቱ መጉደል ማቆሙን በዓይንዎ ካዩ በኋላ፣ ያልጎደለው ሌባው በሰንሰለት ስለ ታሰረ ነው፣ እንግዲህ ሌባነቱ ተረጋገጠ አሉ። ቢጎድል ሌባ ነው፤ ባይጎድልም ሌባ ነው። ቅዳሜ ይሰቀል ተባለ። ገመዱም ቀድሞ ይታይ ተብሎ በዋርካው ቅርንጫፍ ላይ፣ እኔ ከምቀመጥባት ድንጋይ በላይ፣ ተንጠለጠለ።

ክቡር ካፒታኖ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያነክሳል፤ ይቅር ይበሉኝ። ከፍርዱ በኋላ ሰንሰለቱ ለጊዜው ተፈትቶልኝ ከዚያ ገመድ ሥር ተቀምጬ የአንዲት ባልቴት አቤቱታ ስጽፍ፣ በስሟ ፋንታ የደምለውን ስም ጻፍኩ። እኔ በጽሕፈቴ የምኮራ ሰው ነኝ፤ ስም ተሳስቼ አላውቅም። ያንን ወጣት አውቀዋለሁ። በመኪናዎ ላይ ጭቃ ሲያይ በሸማው ጫፍ የሚጠርግ ሰው ነው። ጠላሁዎት። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ አቶ አበረ ካገኘ ይጨምርበት።

ስለ ቁጠባዎ ግን ሳላደንቅ አላልፍም። ሰው ሊሰቅሉ ሳለ ሥራውን ማባከን አልፈለጉም። ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው የበጋ መንገድ ለምሽግዎ የሚሄድ የሞተር ዘይት በበርሜል ተከማችቶ ነበር፤ በዚያ ዳገት የሚነዳ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ደምለው ከመሰቀሉ በፊት ሐሙስ አንድ ጉዞ ያድርስ አሉ። ዋሱም እንደ ገና በሰንሰለት ተቆራኝቶ አብሮ ይሂድ፣ ሁለት ወታደሮችም ይጠብቁ ተባለ። ትእዛዝዎን አክብረን በጧት ተነሣን። ደምለው ማርሽ በለወጠ ቁጥር የእኔ እጅ አብሮ ሄዶ ይመለስ ስለ ነበር፣ ከነዳው መንገድ ግማሹ የእኔ ነው ብዬ ያለ ሐፍረት እናገራለሁ።

እስከ ሐሙስ ማታ ባለመመለሳችን ሳይጨነቁ አልቀሩም። የሆነውን ልንገርዎና ልብዎ ይረፍ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ሞተሯ ቀጥ አለች። ምን ሆና እንደ ቆመች ደምለው ያውቃል፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ወታደሮቹ ወርደው እንዲገፉን ብንለምናቸው እንደ ወንድም ገፉን። ጎበዞች ናቸው፣ በሚገባ ገፉ፤ እርሷም ተነሣችና ሄደች። ከኋላ ሲጠሩን የሰማን ይመስለኛል፤ ነገር ግን ጤነኛ ሞተር ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ እንዴት ደስ እንደሚል ያውቃሉ፣ እርሱን እያዳመጥን ነበር። እባክዎ አይቅጧቸው፤ መጠበቃቸውን ግን እንዲተዉ ይንገሯቸው። መካኒክዎም ከዚህ ነገር የለበትም፤ በዚያ ሰዓት ድንች ላይ ነበር።

ከዳገቱ በላይ ካለው ወንዝ ማዶ ሥራነሽ ስንቋን ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ያን ቀን ስንቁን ዘበኛ አልበላውም።

ስለ በርሜሎቹም ላስረዳዎ ይገባኛል። ደምለው ዘይት ለጮቄ ሰዎች ላከ ብለው ለአለቆችዎ ጽፈው ነበር። ይህ ሐሰት ነበረ። እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሹም በአለቆቹ ፊት ሐሰተኛ ሆኖ ሲቀር ማየት ከበደን። ስለዚህ ተማክረን ነገሩን እውነት አደረግንልዎ። እርስዎ ሽፍታ የሚሏቸው፣ እኛ አርበኛ የምንላቸው ሰዎች ዘይቱን በጥሩ ፊት ተቀብለዋል፤ ጠመንጃዎቻቸው ዝገው ኖረዋል፣ አሁን ወዝ አላቸው። ካሚዮኒቱ ከእንግዲህ ያን ያህል ዘይት አትፈልግምና አይቆጭዎ። ከዋርካው ላይ የጠፋውንም ገመድ ሰው እንዳይጠረጥሩበት፤ በርሜሎቹ በዳገት እንዳይንከባለሉ አሰርንባቸው። ጠንካራ ገመድ ነው፣ አንዴም አልላላም።

የዋስነት መሐላዬንም አላፈረስኩም። ደምለውን በተፈለገ ጊዜ አቀርባለሁ ብዬ ነበር የማልኩት። ይኸው ይህን ስጽፍ ከአጠገቤ ተቀምጧል፣ ለማቅረብም ዝግጁ ነኝ፤ የቀረው መጥቶ የሚረከበኝ ከሳሽ ብቻ ነው።

ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ሰንደቅዎንም ከኮረብታው ወደ ደልዳላ ሜዳ ያውርድልዎ፤ ለቀሩት መኪኖችዎ ዘይት ይበጃልና። በእርስዎ ዘመን ብዙ የጻፈ፣ በእርስዎ ቸርነት ሞተር የተማረ፣ በእርስዎ ካሚዮን ዳገት የወጣ፣ ከፍ ያለ አክብሮቱን ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የሚልክልዎ፣

ወልደ ሩፋኤል
የደምለው ዋስ
ከጮቄ በላይ፣ በሚያዝያ ወር ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት

ማስታወሻ፤ ሰንሰለቱን አንድ አንጥረኛ ከሁለታችን እጅ ፈትቶልናል። ንብረትዎ ስለ ሆነ አልጣልነውም። አንዱን ጫፍ ለደምለው አስቀምጠናል፤ ሌላው ጫፍ በአገራችን ልማድ የከሳሽ ቦታ ነውና ለእርስዎ ተጠርጎ ይጠብቅዎታል። ሲመጡ ግን የማማው ዘበኛ ካሚዮኒቱን እንደ ድሮው በጢሷ ልፈልጋት እያለ ዓይኑን እንዳያደክም ይንገሩልኝ። ጢስ የላትም። ደምለው ሠርቷታል።